ከቆርቆሮው አንድ ስንዝር

ልጆቼ እኔን ደፋር አድርገው ለልጆቻቸው ሲያወሩ ሰምቼ ዝም ያልኩባቸው ጊዜያት አሉ። ያ ዝምታም ውሸት ነው። በደርግ ዘመን ፈሪ ነበርኩ። ፍርሃቴ አንድ ጊዜ ጣራዬ ላይ ድረስ ወጥቶ ሥራዬን አበላሽቶብኛል፤ በዚያ ምክንያት አንዲት ምንም ያላጠፋች ሴት ልትታሰር ነበር። የምጽፈው እሱን ነው።

የምሠራው በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የጥገና ክፍል ውስጥ ነበር። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ኤሌክትሪክ የተማርኩት የተበላሸ ሬዲዮ እየፈታሁ፣ የእንግሊዝኛ መጽሐፍና መዝገበ ቃላት ጎን ለጎን ዘርግቼ፣ አንዱን ገጽ ለሦስት ቀን እየታገልኩ ነው። በዚህ እኮራ ነበር። ኩራቴንም ልጆቼ ላይ ጭኜው ነበር፤ ቤቴ ውስጥ ሰነፍና ውሸታም እንዲኖር አልፈልግም እያልኩ በየማዕዱ እሰብክ ነበር።

በአንድ ሚያዝያ የመምሪያው ኃላፊ አስጠራኝ። የካ አባዶ ላለው ትንሽ ክሊኒክ የክትባት ፍሪጅ ሊገባ ነው። ያኔ የካ አባዶ ማሳ ነው፤ ዛሬ ኮንዶሚኒየም በተደረደረበት ቦታ በሬ ይጠመድ ነበር። መብራት አልደረሰውም። የቀድሞው ፍሪጅ የሚሠራው በነጭ ጋዝ ሲሆን፣ ነጭ ጋዝ ደግሞ ተሰልፈውም የማይገኝበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ አዲሱ ፍሪጅ ከፀሐይ በሚገኝ ኤሌክትሪክ እንዲሠራ ተወሰነ።

መጋዘናችን ውስጥ ሁለት ዓይነት የፀሐይ መስታወት ነበር። አንደኛው ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ከመስታወቱ ሥር ክብ ክብ ቁራጮች እንደ ሳንቲም ተደርድረውበታል። ከባድ ነው፣ ውድም ነው። ሁለተኛው እንደ ቢራ ጠርሙስ ወጥ ቡናማ ሆኖ፣ አንድ ስስ ነገር በጀርባው የተቀባ መስታወት ነው። እሱ በእርዳታ የመጣ ነው።

«ለአገራችን ፀሐይ የትኛው እንደሚሻል ለክተህ በጽሑፍ አምጣልኝ» አለ ኃላፊው። «ግን ጓድ፣ ከቡናማው አርባ አለን። ከጥቁሩ ስድስት። ይህንንም አትርሳ።»

«የኤሌክትሪክ መለኪያዬ ቴስተር መጋዘን ውስጥ ያለውን አያይም፣ ጓድ» አልኩት።

ሳቀ። እኔም ጥሩ ነገር የተናገርኩ መስሎኝ ሳቅሁ።

የመሥሪያ ቤቱ ግቢ በባሕር ዛፍ የተከበበ ስለነበር ግማሽ ቀን ጥላ ነው። ቤቴ ግን ከቦሌ ወደ ገርጂ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሜዳ ላይ ያለ የጭቃ ቤት ነው፤ አንድም ዛፍ አይከልለውም። ኃላፊውን በወረቀት አስፈቅጄ ሁለቱን መስታወቶች ወደ ቤቴ ወሰድኳቸው። ቀበሌውን ግን አላስፈቀድኩም። የመሥሪያ ቤቴ ማህተም የሚበቃ መስሎኝ ነበር።

አብሮ የመጣው መጽሐፍ ስለ ሞቃት አገሮች አንድ ምዕራፍ ነበረው። መስታወቱ ወደ ደቡብ ዘንበል ብሎ ይቁም፣ ከጣራውም ቢያንስ አንድ ስንዝር ይራቅ፣ ከሥሩ ነፋስ ካላለፈ ይግላል፣ ሲግል ጉልበቱን ያጣል ይላል። ሙቀት በተለይ የሚጎዳው ጥቁሩን ነው፤ ቡናማው ሙቀትን ይችላል። ይህን በደንብ አንብቤ፣ በደንብ ገብቶኝ ነበር። ከሞራሌ እንጨት ሁለት መቆሚያ ሠርቼ መስታወቶቹን ጣራዬ ላይ አቆምኳቸው። እያንዳንዱን ከአንድ የመኪና አምፖል ጋር አያያዝኩ። በቀን ሦስት ጊዜ በመሰላል እየወጣሁ ቴስተሩን እያነበብኩ በደብተር ጻፍኩ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ጥቁሩ በሰፊው በለጠ።

ያላሰብኩት አንድ ነገር ነበር። ከቤቴ በስተ ደቡብ ያለው አውሮፕላን ማረፊያው ነው።

በአራተኛው ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ ጣራው ላይ እያለሁ ከታች በር ተደበደበ። ባለቤቴ ከፈተች። የቀበሌው ሊቀ መንበር ነው፤ ከኋላው ጠመንጃ ያነገበ አንድ የአብዮት ጥበቃ አለ።

«አንተ! ድመት ሆነሃል እንዴ ጣራ ላይ የምትኖረው?» አለ ሊቀ መንበሩ ቀና ብሎ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ የመሥሪያ ቤት ሥራ ነው። ይኼ መስታወት ከፀሐይ መብራት ያወጣል።»

«ፀሐይ ራሷ መብራት አይደለችም? ከመብራት ነው መብራት የምታወጣው?»

ጥበቃው ሳቀ። እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ።

«ውረድ» አለኝ። ወረድኩ። ደብተሬን ከእጄ ተቀብሎ ገለጠው። ገጹ ሙሉ ሰዓትና ቁጥር ነው፤ ሦስት ሰዓት፣ ይህን ያህል፤ ስድስት ሰዓት፣ ይህን ያህል። ረጅም ጊዜ አየው። ሰው ደብተሬን ሲያነብ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። እኔ የቮልት ልክ የጻፍኩበትን ገጽ እሱ የአውሮፕላን መነሻና መድረሻ ሰዓት አድርጎ እያየው እንደሆነ ከፊቱ ተረዳሁ።

«ማዶ የሚያርፈው አውሮፕላን ማንን እንደሚጭን ታውቃለህ?»

«አላውቅም፣ ጓድ።»

«ባታውቅ ነው የሚሻልህ። እዚያ ድረስ ያብረቀርቃል ተብሎ ተነግሮናል። ሰው ምልክት ይሰጣል ተብሏል። ዝቅ አድርገው።»

«ወረቀት አለኝ፣ ከኃላፊው...»

«ዝቅ አድርገው አልኩህ እኮ!»

ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ከክፍላችን አንድ ሰው ጄኔሬተር ተቃጥሎበት አሻጥር ነው ተብሎ ተወስዶ ነበር። ሚስቱ ስንቅ ይዛ ሦስት ቦታ ዞራ አላገኘችውም። መሰላሉ ላይ መልሼ ስወጣ በዓይኔ የነበረችው ያቺ ሴት ከነስንቅ ዕቃዋ ነች። መቆሚያዎቹን ነቅዬ ወደ ታች ጣልኳቸው። ሁለቱን መስታወቶች ቆርቆሮው ላይ አጋድሜ፣ የተቀደደውን ጣራ በሌላ ቆርቆሮ እንደምንደርበው ዓይነት፣ አየር እንኳን እንዳያልፍ አድርጌ መታኋቸው። ምስማሩ ሁለት ጊዜ ከእጄ ወደቀ። ሁለቱንም ጊዜ ጥበቃው አንስቶ አቀበለኝ።

እነሱ ሲሄዱ ባለቤቴ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ የሦስት ልጆች አባት መሆንህን ጣራ ላይ ስትወጣ ነው የምትረሳው?» አለችኝ። ደብተሬ ላይ «ከዛሬ ጀምሮ በትእዛዝ ቆርቆሮ ላይ ተጋድሟል» ብዬ ጻፍኩ።

በግንቦት ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ የእኛን ቆርቆሮ በእጁ የነካ ያውቀዋል። ጥቁሩ መስታወት ከሥሩም ከላዩም ተጠበሰና ልክ መጽሐፉ እንዳለው ደከመ። ቡናማው ግድም አልሰጠው። ሰኔ ገብቶ ደመናው ሲመጣም ቡናማው በደብዛዛ ብርሃን አልከፋም። በሰኔ መጨረሻ ሪፖርቱን ጻፍኩ፤ ለአገራችን ሙቀትና ደመና ቡናማው የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል አልኩ። ቁጥሮቹን ሁሉ ከደብተሬ በትክክል ገለበጥኳቸው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ግን አላስገባሁም። መስታወቶቹ ለምን እንደተጋደሙም አልጻፍኩም፤ ብጽፍ ቀበሌው ከሰሰኝ ይላል፣ መሥሪያ ቤቱም ለምን ተጠረጠርክ ይለኛል ብዬ። በሪፖርቱ ውስጥ አንድም የሐሰት ቃል የለም። ውሸቱ ሳይጻፍ የቀረው ላይ ነው።

ኃላፊው አንብቦ ጨበጠኝ። «ቴስተሩ መጋዘን ያያል ለካ!» አለና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

በመስከረም ስምንት ቡናማ መስታወቶች ክሊኒኩ ጣራ ላይ ወጡ። እነሱንም በሪፖርቱ መሠረት ቆርቆሮው ላይ አጋድሜ የመታኋቸው እኔ ነኝ። ፍሪጁ መሥራት ሲጀምር ገበሬዎቹ እጃቸውን እየከተቱ ቅዝቃዜውን ሞከሩ። የጤና ረዳቷ፣ ከሃያ አምስት ዓመት የማትበልጥ ሴት፣ «በቃ፣ ከነጭ ጋዝ ሰልፍ ተገላገልኩ» ብላ እልል አለች።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ትልቋ ልጄ አንድ ነገር አጠፋች። የሒሳብ ፈተና ወረቀቷ ላይ አራት የነበረውን ቁጥር በምላጭ ፍቃ ዘጠኝ አደረገችው። አስራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ምላጩን ከእጇ ወሰድኩ፣ ጠጠር ላይ አንበረከክኋት፣ እስኪመሽ ድረስም አላነሳኋትም። ወረቀት ላይ የዋሸ ሰው ሰው ፊት ከዋሸ ይከፋል፣ ወረቀት አይረሳምና ብዬ ገሠጽኳት። ምላጩን መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩበት። ያን ሁሉ ስናገር ሪፖርቱ ትዝ አላለኝም ብል እንደገና ልዋሽ ነው።

ታኅሣሥ ሲገባ የጤና ረዳቷ እኔን ፍለጋ ከየካ አባዶ መሥሪያ ቤት ድረስ መጣች። ጫማዋ አቧራ ለብሷል።

«ጋሼ፣ ፍሪጁ ጠዋት ጠዋት ያለቅሳል» አለችኝ። «ውኃ ያንጠባጥባል። ባትሪው ሳይነጋ ያልቃል።»

«በሩን ከፍተሽ እየተውሽ ይሆናል።»

«እኔ? የምጠጣውን ውኃ እንኳን አስገብቼበት አላውቅም።»

አብሬያት ሄድኩ። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ የዓመቱ ምርጥ ፀሐይ ነው። ጣራው ላይ ወጥቼ ለካሁ። መስታወቶቹ በመስከረም ይሰጡ ከነበረው ሩብ ያህሉ ጎድሏል። አጠብኳቸው፤ አልተሻላቸውም። ሽቦ ቀየርኩ፤ አሁንም ያው ነው። ቤቴ ተመልሼ የሙከራውን ቡናማ መስታወት ለካሁ። እሱም እንደዚያው ወርዷል። ሥራው ካለቀ ወዲህ አንድም ቀን ለክቼው አላውቅም ነበር። ጥቁሩ ግን በዚያው ቆርቆሮ ላይ እየተጠበሰም ያው ነው፤ አልጨመረም፣ አልቀነሰም።

መጽሐፉን አወጣሁ። ከዋስትናው ወረቀት ኋላ ያሉትን ገጾች አንብቤያቸው አላውቅም፤ የሻጭ ወሬ መስለውኝ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ከመዝገበ ቃላት ጋር ተቀመጥኩባቸው። እንዲህ ዓይነቱ ቡናማ መስታወት ብርሃን በመታው በመጀመሪያዎቹ ወራት እየደከመ ይሄዳል፣ ከዚያ ይረጋል፤ ሲገዛም ይህ ታስቦ ተጨማሪ ይደረግለታል ይላል። ሁለት ወር ለክቼ ስለ ዓመት የፈረድኩት እኔ ነኝ። ጥቁሩን ደግሞ እጅ እግሩን አስሬ ነው ከቡናማው ጋር ያሯሯጥኩት።

ይህን ይዤ ኃላፊው ዘንድ ልገባ ስል እሱ ቀደመኝ። ክሊኒኩ ውስጥ ክትባት ተበላሽቷል። የጤና ረዳቷ በፍሪጁ ለጓደኞቿ ቢራ ታቀዘቅዝበታለች ተብሎ ለወረዳው ተጽፏል። ለቅዳሜ ኮሚቴ ይቀመጣል። «አንተም እንደ ባለሙያ ትገኛለህ» አለኝ። «መስታወቱ ጤነኛ መሆኑን ብቻ ትመሰክራለህ። ደብተርህንም ይዘህ ና።»

ደብተሬን! ከክፍሉ ወጥቼ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ደብተሩ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት አሉ። «በትእዛዝ ተጋድሟል» የሚለው በእጄ ጽሑፍ አለ። ያን ያነበበ ሰው እያወቅሁ እንደደበቅሁ ያውቃል፤ ያኔ ስሙ አሻጥር ነው። ካልታየ ደግሞ የምትወሰደው የጤና ረዳቷ ነች።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ቀደም ብዬ ወጣሁ። ቤት ውስጥ ማንም ያለ አልመሰለኝም። መሳቢያውን ከፍቼ ምላጩን አወጣሁ፣ የሚያዝያውን ገጽ ዘርግቼ መፋቅ ጀመርኩ። «በትእዛዝ» የሚለውን ጨረስኩ። ላቤ ወረቀቱ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ሁለተኛውን መስመር ስጀምር ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

«አባባ፣ በጣም ከተጫኑት ይበሳል።»

ትልቋ ልጄ ነች። የቤት ሥራዋን ይዛ ጓዳው ውስጥ ተቀምጣ ኖሯል። ድምፅዋ ውስጥ ፌዝ የለም፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ለማያውቀው እንደሚነግረው ነው የነገረችኝ። ብትስቅብኝ ወይም ብታለቅስ እቆጣት ነበር። እሷ ግን ያንኑ ብላ ወደ ጓዳዋ ተመለሰች። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አንስቼ አየሁት፤ የፋቅሁበት ቦታ ብርሃን ያሳልፋል። ምላጩን ወደ መጸዳጃው ጉድጓድ ወረወርኩት። በፋቅሁት ቦታም «በትእዛዝ» ብዬ መልሼ ጻፍኩ። ቀለሙ በሳሳው ወረቀት ላይ ተደፍቶ እስከ ዛሬ አለ።

ቅዳሜ ኮሚቴው በክሊኒኩ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ ከወረዳው የመጣ ሰውና የእኔ ኃላፊ ናቸው። የጤና ረዳቷ ቆማለች። ነጭ ጋዋኗን አጥባ ለብሳለች።

«ባለሙያው ይናገር» ተባለ።

ተነሣሁ። «ጥፋቱ የእሷ አይደለም። የእኔ ነው» አልኩ።

«ጓድ፣ አስበህ ነው የምትናገረው?» አለ ኃላፊዬ ቀስ ብሎ።

«አስቤ ነው።» ደብተሩን ገልጬ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አነበብኩ። ጥቁሩ ነፋስ ሲያገኝ እንደሚበልጥ፣ ቡናማው ከወራት በኋላ እንደሚደክም፣ ስምንት የተባለው መስታወት አሥራ አንድ መሆን እንደነበረበት፣ ቆርቆሮ ላይ መጋደሙ ልክ እንዳልነበር ነገርኳቸው። ዝቅ አድርግ ተብዬ እንደነበርም ተናገርኩ። ማንም አላቋረጠኝም። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ብቻ ወደ ጣራው ቀና ብሎ፣ «ታዲያ ልጅቷ ምን አደረገች?» ብሎ ጠየቀ።

«ምንም» አልኩ።

እሷ ወደ ሥራዋ ገባች። እኔ በላንድሮቨር ወደ ቀበሌያችን ተወሰድኩ። አሥራ ሰባት ቀን ታሰርኩ። ባለቤቴ ስንቅ ታመጣ ነበር፤ እኔ ያለሁበት ይታወቃል፣ አገኘችኝ። እያንዳንዱ የመኪና ድምፅ ግን ወደማልታወቅበት ቦታ የሚወስደኝ ይመስለኝ ነበር። ዛሬም መኪና በር ላይ ሲቆም ማንኪያዬን አስቀምጣለሁ።

በአንድ ከሰዓት የቀበሌው ሊቀ መንበር ራሱ ወደታሰርኩበት ክፍል መስኮት መጣ። ወሬው ደርሶታል።

«እኔን ከሰስከኝ አሉ።»

«የሆነውን ነው የተናገርኩት፣ ጓድ።»

«እኔ ዝቅ አድርገው አልኩህ። ቆርቆሮ ላይ ለጥፈው አልኩህ?»

እውነቱን ነው። የከለከለኝ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ቀና ብሎ መቆሙን ነው። አጋድሜው ከሥሩ አንድ ሞራሌ ባስገባበት፣ አንድ ስንዝር ብቻ ከፍ ባደርገው፣ ከመንገድ ላይ ማንም አያየውም፣ እሱም ግድ አይሰጠውም ነበር። አልጠየቅሁትም። የታዘዝኩት ትንሽ ነበር፤ የቀረውን ራሴን ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ልጆቼን ለዓመታት የሰበክሁት ሁሉ ከዚያ ስንዝር አላለፈም።

የተፈታሁት ይቅርታ ተደርጎልኝ ወይም እውነቴ ታይቶ አይመስለኝም። ክትባት የሚያቀዘቅዘውን ነገር የሚያስተካክል ሌላ ሰው ስላልነበረ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ስድስቱን ጥቁር መስታወቶች ይዤ የካ አባዶ ጣራ ላይ ወጣሁ። ሞራሌውን እየደረደርኩ ከፍታውን በስንዝሬ እየለካሁ ሳለ አንድ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ አለፈ። ሳላውቀው ቆርቆሮው ላይ በደረቴ ተኛሁ።

የጤና ረዳቷ ከታች አየችኝና፣ «ጋሼ፣ ወደቁ እንዴ?» ብላ ጮኸች።

«አልወደቅሁም። መዶሻውን አቀብይኝ» አልኳት።

ፍሪጁ ከዚያ ወዲህ አላለቀሰም። መሥሪያ ቤት ስመለስ ሪፖርቱን እንደገና እንድጽፍ ታዘዝኩ። የመጀመሪያው አረፍተ ነገሬ «ሁለቱም መስታወቶች በፍርሃት ምክንያት ቆርቆሮ ላይ ተጋድመው ስለተለኩ የቀድሞው ውጤት ትክክል አይደለም» የሚል ነበር። ኃላፊው አንብቦ እስክሪብቶውን አወጣና «በፍርሃት ምክንያት» የሚለውን ሰርዞ «በስህተት» ብሎ ከላዩ ጻፈ። ወረቀቱን አዙሮ ወደ እኔ ገፋው። እኔም ምንም ሳልል ፈረምኩ።